በሴቶቹ በኩል የቀረው ቁምጣ

ኡዲኔ፣ ሰኞ ሴፕቴምበር 16 ቀን 2019

የምወድሽ ልጄ ኒቬስ፣

ትናንት ማታ በሰላም ገብተናል። አባትሽ ደህና ነው፤ እንዲያውም ከደህናም በላይ። እኔ ግን ነገርን ከመካከሉ መጀመር አልወድምና በቅደም ተከተል ልንገርሽ።

ለሃምሳኛ ዓመት ጋብቻችን በትሪዬስቴ ስለሰጠሽን ሁለት ቀን አመሰግናለሁ። ማረፊያው ንጹሕ ነው። ባሕሩ የሚታየው አንገትን በመስኮት አውጥተው ወደ ቀኝ ሲጠመዘዙ ብቻ ቢሆንም ይታያል። የትራሱ ልብስ በደንብ አልተተኮሰም ነበር፤ ከባለቤቲቱ ካውያ ተውሼ ራሴ ተኮስኩት።

እውነቱን ለመናገር፣ መሄዱን አልፈለግሁትም ነበር። አባትሽ ስትሮክ መትቶት ቲማቲሙ ሥር ከወደቀ አሥራ አራት ወር ሆነው። እግሩ ተመለሰ፣ እጁም ተመለሰ፤ ንግግሩ ግን «አዎ» እና «የለም» ብቻ ሆኖ ቀረ። ባለፈው ወር ሐኪሙ «ዓመት ካለፈ በኋላ የሚመለሰው ጥቂት ነው፤ እስከ ገና ካልተናገረ ብዙ ተስፋ አታድርጉ» አለን። ይህን በስልክ አልነገርኩሽም። ሌላም ያልነገርኩሽ አለ። ሐኪሙ አባትሽን «ያለነው በምን ወር ነው?» ብሎ ጠየቀው።

«ኦገስት» አልኩ።

«ጠዋት ምን በሉ?» አለው።

«ዳቦ በወተት» አልኩ።

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠና፣ «እሜቴ፣ ለመሆኑ ከሁለታችሁ ታካሚዬ የትኛችሁ ናችሁ?» አለኝ። አውቶቡሱ ቤት እስኪያደርሰን ድረስ እንደተናደድኩ ነበርኩ።

እኔ የተማርኩት መነኮሳቱ ዘንድ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ሰሌዳ ፊት ወጥቶ መልስ የጠፋው ልጅ እዚያው ተንበርክኮ ይቆይ ነበር። ዝምታ ሲረዝም እስከ ዛሬ ጉልበቴን ያመኛል። አርባ ዓመት ሳስተምር ማንንም አላንበረከክሁም፤ ልጅ ቃል ሲጠፋው ፈጥኜ አቀብለው ነበር። ለአባትሽም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። አፉን ሲከፍት ቃሉን እሰጠዋለሁ፤ እሱም አፉን ይዘጋል። ደግነት ይመስለኝ ነበር።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በግድግዳ ወደተከፈለው የባሕር መዋኛ ሄድን። መንገዱን የመራኝ እሱ ነው፤ ተወልዶ ባደገበት ከተማ እግሩ ማንንም አይጠይቅም። አንቺንም ሕፃን ሳለሽ በሴቶቹ በኩል አዋኝቼሽ ነበር። ግድግዳው ዛሬም ከበሩ ተነሥቶ ጠጠሩን አቋርጦ ባሕሩ ውስጥ ይገባል፤ ወንዶቹ ወዲያ፣ ሴቶቹና ልጆቹ ወዲህ። ይፍረስ የሚል ቢመጣ ቀድመው የሚጮኹት ሴቶቹ ናቸው።

እኔ ግን ዕቃ ስሸክፍ ግድግዳውን ከቁጥር አላስገባሁትም። ሁሉን ነገር በአንድ ቦርሳ ከተትኩ፤ ክኒኑን፣ ፎጣውን፣ የዋና ቁምጣውን፣ ምናልባት ቢጠፋ ብዬ ስሙንና ስልካችንን የጻፍኩበትን ካርድ። አሥራ አራት ወር ሙሉ የእሱ ነገር የሚኖረው በእኔ ቦርሳ ውስጥ ነው። በሩ ላይ ስንደርስ አባትሽ ቆቡን አነሣልኝና፣ ወደ ሥራ እንደሚገባ ሰው በወንዶቹ በኩል ገባ። ቦርሳው ትከሻዬ ላይ መሆኑ ትዝ ሲለኝ ጀርባውም አይታይም።

ተከትዬው ልገባ ስል በረኛዋ ክንዴን ያዘችኝ። «እዚያ ሴት አይገባም።»

«ባሌ ታማሚ ነው።»

«እዚያ ውስጥ ጤነኛ ማን አለ ብለው ነው? ትንሹ ሰባ ዓመቱ ነው» አለችኝ።

ገብቼ ግድግዳው ሥር ቆምኩ። አንዲት እንደ ጫማ ቆዳ የጠቆረች፣ የእኔ እኩያ የምትሆን ወፍራም ሴት ጠጠሩ ላይ ተጋድማ ታየኛለች። ኡቻ ትባላለች። ከተዋወቅን አምስት ደቂቃ ሳይሞላ «አንቺ» አለችኝ።

«ምን ሆነሽ ነው ግድግዳ የምትሳለሚው?»

ነገርኳት፤ ስሙ ኤጂዲዮ መሆኑንም።

«ታዲያ ጥሪው እንጂ! እኛ እዚህ ስንጠራራ ነው የምንውለው።»

«እኔ ሰው ፊት አልጮህም።»

«እኔ እጮሃለሁ» አለችና ሳትነሣ አምባረቀች። «ወንዶች! ኤጂዲዮን ጥሩልን! ቁምጣው እዚህ ቀርቷል!»

ከወዲያ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ መለሰ። «የቱን ኤጂዲዮ? ሦስት አሉን፤ የሚሻልሽን ምረጪ!»

«ረጅሙን! ሰማያዊ ቆብ ያደረገውን!» አለች ኡቻ፣ በጆሮዋ ያልኳትን እየደገመች።

ጠጠሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ተሰማኝ። ከዚያ ያው ድምፅ፣ አሁን ሳይቀልድ፣ «ቆቡ እዚህ ጠጠሩ ላይ አለ። ሰውየው ግን የለም» አለ።

ኒቬስ፣ ያን ጊዜ ምን እንዳሰብኩ አልጽፍልሽም። ጫማዬን ሳላወልቅ ባሕሩ ውስጥ ገባሁ። ግድግዳው የሚያልቅበት ጋ ደርሼ ወዲያ ማየት ነው የፈለግሁት። ውኃው ወገቤ ጋ ደረሰ፣ ቀሚሴ ተነፋ፤ ቦርሳውን ጭንቅላቴ ላይ ይዣለሁ። ሴቶቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ ኋላ ፊቴን ሲያዩ መንገድ ለቀቁልኝ። ኡቻ በሆዷ ውኃውን እየገፋች ከኋላዬ መጣች።

«ኖርማ!»

ድምፁ ከግድግዳው ማዶ፣ ከውኃው ላይ ነው የመጣው። ካለፈው ዓመት ጁላይ ወዲህ ስሜን ሲጠራ አልሰማሁትም።

«ኖርማ... ቁም...»

አለና ቆመ። ቃሉ አፌ ላይ ነበር። ልሰጠው ከንፈሬን ከፍቼ ነበር፤ ግን ግድግዳው መካከላችን ነው፣ ፊቴን አያይም። ጉልበቴን እንደ ድሮው አመመኝ። ጠበቅሁ።

«...ቁምጣውን ተይው። በውስጥ ሱሪዬ... እየዋኘሁ ነው።»

ወንዶቹ በሳቅ ፈረሱ። «ደግሞ እንደ በረዶ ነጭ ነው!» አለ አንዱ። «አጣቢዋ ይቺው ናት እኮ!» አለች ኡቻ፣ እርጥብ ጀርባዬን በመዳፏ እየመታች። ፊቴን በእጅጌዬ ጠረግሁ። ፀሐይዋ ዓይኔን ወግታኝ ነበር።

እንደ ርጥብ ድመት ሆኜ በሩ ላይ ስጠብቅ፣ አባትሽ ስቴሊዮ ከሚባል ካርታ ተጫዋች ጋር እየተጨቃጨቀ ወጣ። አዎ፣ እየተጨቃጨቀ! ስቴሊዮን አመሰገንኩት፤ ካስቸገራችሁም ይቅርታ አልኩት።

«ምን ችግር አለ? ቀስ ብሎ ይናገራል። እኛም ብንሆን የምንቸኩልበት የለን» አለኝ።

ማታ ምግብ ቤት ገባን። አስተናጋጁ እንደ ሌላው ሰው ሁሉ የሚያየው እኔን ነው። እኔ የጠረጴዛውን ልብስ አየሁ፤ ነጠብጣብ አለበት። በልቤ አባታችን ሆይን ሁለት ጊዜ ደገምኩ። ለሦስተኛው ስጀምር አባትሽ «የአሳማ ሥጋ... ሰናፍጭ... ብዙ» አለ። ጨዋማ ሥጋ ለደም ግፊቱ እንደማይሆን ታውቂያለሽ። ዝም አልኩ። ሰናፍጩም አፍንጫውን አቃጥሎት አለቀሰ፣ ሳቀም።

ትናንት በባቡር ሞንፋልኮኔን ስናልፍ ወደ እኔ ዞረና፣ «ለኒቬስ... እኔ...» አለ። ቀሪውን እስኪያገኘው ሁለት ጣቢያ አለፍን። «...እኔ እነግራታለሁ» አለ።

ስለዚህ አሁን የምጽፍልሽን ልብ ብለሽ አንብቢው። ይህ ደብዳቤ አንቺ ወዳለሽበት ወደ በርገን፣ ኖርዌይ ድረስ፣ እስከ ዓርብ ይደርሳል ብለውኛል። እሑድ ስትደውይ ስልኩን የሚያነሣው እሱ ነው። ዝም ካለ መስመሩ ተቋርጦ አይምሰልሽ። ቃል ቢጠፋውም አታቀብዪው፤ በዚህ ነገር እኔን ትመስያለሽ። ለነገሩ አንቺም ስልክ ላይ ሁልጊዜ አጭር የምትናገሪው ለምን እንደሆነ ከቅዳሜ ወዲህ አስባለሁ።

ቀሚሴ ደርቋል። ጫፉ ላይ የጨው መስመር ቀርቶበታል፤ ገና አላጠብኩትም።

በዝናባማው አገርሽ እግርሽ አይርጠብ፤ ማጀትሽ አይጉደል፣ ደጅሽም እንግዳ አይጣ። የጠበቀን አምላክ አንቺንም ይጠብቅሽ።

እሑድ በአሥር ሰዓት ደውዪ። እኔ ቲማቲሙን ላስር ጓሮ እወርዳለሁ። በዚህ ወር የሚታሰር ቲማቲም እንደሌለ አውቃለሁ፤ ቢሆንም እወርዳለሁ፣ በሩንም ከኋላዬ እዘጋዋለሁ።

እናትሽ
ኖርማ