ኔትወርኩ ደህና ነው

የካቲት 9 ቀን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ

ለልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ባልሽስ? ትንሿስ እንዴት ናት? እኔ ደህና ነኝ። የእኔ «ደህና ነኝ» ምን ማለት እንደሆነ እናትሽ ትተረጉምልሽ ነበር፤ አሁን እንዳለ መቀበል ነው ያለብሽ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ልብሴን ራሴ አጥባለሁ። ነጭ ሸሚዞቼ በሙሉ ሰማያዊ መሆናቸውን ከቁም ነገር ካልቆጠርነው የቤት ሥራው አልከበደኝም።

ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምሽ አይቀርም። ዕድሜውን በሙሉ የስልክ ዕቃ ሲሠራ የኖረ ሰው ፖስታ ቤት ሲያፈላልግ ማየት፣ ዳቦ ጋጋሪ ከጎረቤት ዳቦ ሲለምን እንደማየት ነው። ምክንያቱን ልንገርሽ።

ባለፈው እሑድ ደወልሽ። «ደህና ነህ አባባ?» አልሽ። «ደህና» አልኩ። ከዚያ ሁለታችንም አንድ ሰው እስኪመጣ ጠበቅን። «ቆይ እናትሽን ላቅርብልሽ» የምልበት ቦታ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። እናትሽን ከቀበርን፣ አንቺም ለቀብሯ መድረስ አቅቶሽ ከቀረሽ ወዲህ፣ እዚያች ቦታ ስንደርስ ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ትንሽ ቆይተሽ፣ «አባባ፣ ኔትወርኩ አስቸገረ፣ አይሰማኝም» አልሽ።

ልጄ፣ ይህ ለእኔ አይነገርም።

ትንሽ ሆነሽ «አባቴ ስልክ ይሠራል» ብለሽ ስታወሪ፣ የሰፈሩ ሰው የተሰባበረ ስልኩን እየያዘ ደጃችን ላይ ተሰልፎብን እንደነበር ታስታውሻለሽ። የእኔ ሥራ ስልኩ ሆድ ውስጥ ያለች፣ ከሩዝ ፍሬ የምታንስ አንዲት ማጣሪያ ናት። አየሩ በሰው ሁሉ ወሬ ታጭቋል፤ አንቴናው ደግሞ ያገኘውን ሁሉ አፍሶ ያመጣል። ማጣሪያዋ የመጣውን የሬዲዮ ሞገድ ወደ ንዝረት ትለውጠዋለች፤ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ በይው። ንዝረቱ ስስ ክሪስታል ውስጥ ይገባል። ከክሪስታሉ ውፍረት ጋር የሚስማማው ያልፋል፣ የጎረቤቱ እዚያው ይቀራል፣ ያለፈው ተመልሶ ሞገድ ይሆናል። «ሃሎ» ስትይ የአንቺ «ሃሎ» እንጂ የሌላ ባልና ሚስት ጭቅጭቅ ጆሮዬ የማይገባው በዚህ ምክንያት ነው። ያንን ውፍረት ስቀንስና ስጨምር ነው ፀጉሬ የሸበተው።

እና «አይሰማኝም» ብለሽ ስልኩን ሳትዘጊው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥሽው። የዘጋሽው መስሎሽ ነው። ውኃ ሲፈስ ሰማሁ። ሰሃን ሲጋጭ ሰማሁ።

«ምን አለሽ?» አለ ባልሽ።

«ምንም። ከእሱ ጋር ምን እንደሚወራ የምታውቀው እማዬ ነበረች» አልሽው። ከዚያ አለቀስሽ።

መዝጋት ነበረብኝ፤ አልዘጋሁም። ባልሽ ውኃውን ዘግቶ «ነይ፣ ነይ በቃ» እስኪልሽ ድረስ አዳመጥኩ። አንዲትም ቃል አልተቆራረጠችም። በሙያዬ ልኮራ ይገባኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ስልኬን ይዤ የመሥሪያ ቤታችን መለኪያ ክፍል ገባሁ። ቴክኒሻኗን ታውቂያታለሽ፤ እናትሽ «መሣሪያዎቿን ጤና ይስጥልኝ የምትል» የምትላት።

«ምን ሆነ ጋሼ?» አለችኝ።

«ልጄ አይሰማኝም ትላለች።»

ስልኩን ፈታታ ማጣሪያዋን ከመለኪያው ጋር አገናኘቻት። ስክሪኑ ላይ ያ የማውቀው መስመር ወጣ፤ መሃሉ ሜዳ፣ ግራና ቀኙ ገደል። አሙቀን ሞከርናት። ስትግል ትንሽ ፈቀቅ ትላለች፤ እሱም ቢሆን ንድፏን ስሠራ ይሁንላት ብዬ የተውኩላት ቦታ ውስጥ ነው።

«ደህና ናት ጋሼ።»

«ድገሚው።»

ደገመችው። ያው ነው።

«አንዴ ደግሞ።»

እጇን ከመለኪያው ላይ አነሳችና አየችኝ። «ጋሼ፣ እንድትበላሽ ነው እንዴ የሚፈልጉት?»

ለአንቺ ግን እነግርሻለሁ። አዎ፣ እንድትበላሽ ነበር የፈለግኩት። ብትበላሽ እሠራት ነበር።

ስለ ማጣሪያ አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ስልኩ የሚልከው ኃይል የሚወጣው በዚያችው በትንሿ ማጣሪያ በኩል ነው፤ ስለዚህ አብዝታ የምትግለው እሷ ናት። እኛ ዲዛይነሮች ሙቀቱ የሚወጣበት መንገድ አስቀድመን እናበጅላታለን። ለእናትሽ ማን አበጀላት? በእኔና በአንቺ መሃል ቆማ፣ ከዚህ የሄደውንም ከዚያ የመጣውንም ስታሳልፍና ስታስቀር ኖረች፤ አንድ ቀን እንኳ «ደከመኝ» ስትል አልሰማናትም። ያንንም አጣርታው ይሆናል።

ባልሽን ልታገቢ ነው ሲባል እኔ ያልኩት «የራሷ ጉዳይ ነው» ነበር። አንቺ ዘንድ የደረሰው «አባትሽ መርቆሻል» ነው። ትንሿ ስትወለድ ደግሞ እናትሽ «ከሰው ሁሉ በፊት አባባ ይስማ ብላለች» ብላ ከእንቅልፌ ቀሰቀሰችኝ። ስንት ቀን ደረቴን ነፍቼ ቢሮ እንደገባሁ ቴክኒሻኗን ጠይቂያት። አሁን ሳስበው፣ አንቺ እንደዚያ ያልሽ አይመስለኝም። ካላልሽ አትንገሪኝ።

እናትሽ በየእሑዱ ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት «አባትሽ ሳሚልኝ ብሏል» ትልሽ ነበር። እኔ እዚያው ሶፋው ላይ ጋዜጣ ይዤ እሰማታለሁ። ሳሚልኝ አላልኳትም። ጋዜጣውንም አላነብም ነበር።

አሁን እሷ የለችም፤ የተረፍነው ሁለት መናገር የማይችሉ ሰዎች ነን፣ በመሃላችን ደግሞ ምንም እንከን የሌለበት መስመር አለ። የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ደውይ። ወሬ ካጣን ዝም እንበል። ስልኩን ባለፈው ያስቀመጥሽበት ቦታ አስቀምጪው፤ ሰሃንሽን እጠቢ፣ እኔም የእኔን አጥባለሁ። ማልቀስ ካማረሽም ውኃውን መክፈት አያስፈልግሽም። መስመሩ ይችለዋል፤ ለእሱ እኔ ዋስ ነኝ። ኔትወርኩ አስቸገረ ብቻ አትበይኝ።

እናትሽ ይህን ደብዳቤ ብታየው ግማሹን ታስቀረው ነበር። የትኛውን እንደሆነ ለማወቅ ደጋግሜ አነበብኩት፤ አልቻልኩም። ስለዚህ ሁሉንም ልኬልሻለሁ።

ትንሿን በጤና ያሳድግልሽ። ባልሽን ያቆይልሽ፤ «ነይ በቃ» ማለት የሚያውቅ ሰው በቀላሉ አይገኝም። ቤትሽን ከሐዘን ይጠብቅልሽ።

ሳምኩሽ። ይሄን ያልኩት እኔ ነኝ።

አባትሽ