አባዬ፣ የቅጠሉ ነገር ታወቀ

አባዬ፣ ከተለየኸን ዓመት ሞላህ። እማዬ ለስኳር ሰልፍ ወደ ቀበሌው ሱቅ ስትሄድ ያንተን ከዘራ ይዛ ትወጣለች። አላረጀሁም ትላለች እንጂ ትደገፍበታለች። የጊንጆ ሰፈሩ ቤታችን ጣራ ተጠግኗል። ወንበርህ ግን በረንዳው ላይ እንዳለ ነው፤ ማንም አይቀመጥበትም፣ ማንም አያነሳውም።

የምጽፍልህ ስለ ቅጠሉ ነው። ሊሙ ገነት ቡና ማጠቢያው ውስጥ ያን ሁሉ ዘመን ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ቆመህ ጉልበትህ አብጦ ቀረ። እማዬ ከእናቷ የወረሰችውን ቅጠል ጠዋት ማንንም ሳታናግር ቀጥፋ፣ ወቅጣ ታስርልህ ነበር። ስሙ ከተነገረ ኃይሉን ያጣል ስለምትል ወደምሠራበት ላቦራቶሪ የወሰድኩትም ያለ ስም ነው፤ ብልቃጡ ላይ «የእማዬ» ብዬ ጻፍኩበት።

ክንድህን ዘርግተህ ደም የሰጠኸኝ ቀን ትዝ ይልሃል? ደሜ ተቆጥቶብኛልና እሱኑ ጠይቂው አልከኝ። ከደምህ ነጫጭ ሴሎቹን ለየሁ፤ እብጠት ሲነሳ ቀድመው የሚደርሱት፣ ሲበዙም የሚያሳምሙት እነሱ ናቸው። በቀጭን የብርጭቆ ቱቦ አስገብቼ ባሳድራቸው፣ በማግስቱ በቱቦው አፍ እየተሳቡ ወጥተው ተበትነዋል። በማይክሮስኮፑ አይተህ፣ ከቀበሌ ስብሰባ የተለቀቀ ሕዝብ ይመስላሉ ብለህ ሳቅክ። የቅጠሉ ጭማቂ ከገባባቸው ግን አንድም የወጣ አልነበረም። ቁጣቸውን አበረደው ብለን ደስ አለን። አንተማ ስኳር ሰልፉ ላይ ሁሉ ልጄ በመስታወት አረጋገጠች እያልክ አገሩን አላስቀመጥከውም። ሰዉም ቅጠሉን ሊጠጣው ጭምር ይለምነን ጀመር።

አንድ ነገር ይቀረን ነበር። የሞተን ሴል ካልሞተው የሚለየው ሰማያዊ ቀለም አልቆብን፣ ከአዲስ አበባ እስኪላክ እንጠብቅ ነበር። የደረሰው አንተ ከሄድክ በኋላ ነው። ሕያው ሴል ቀለሙን አያስገባም፤ የሞተ ያስገባል። ሙከራውን በራሴ ደም ደገምኩት፤ ቅጠሉ የነካቸው ሁሉ ሰማያዊ ሆኑ። አልበረዱም አባዬ፣ ሞተው ነበር።

እዚያው ማይክሮስኮፑ ላይ እንዳጎነበስኩ ያቺ የመጨረሻዋ ከሰዓትህ መጣችብኝ። ማቃሰትህ ሲቆም እኔና እማዬ ተሻለው ብለን ተያይተን ፈገግ አልን። ሾርባ ላሞቅልህ ተነሳሁ። ስመለስ አልነበርክም። ቅጠሉ አልገደለህም፤ ከጉልበትህ ላይ አላለፈም፣ ሐኪሙም ልቡ ነው ብሎናል። ያቺ ፈገግታችን ግን እስካሁን ታቃጥለኛለች።

ለእማዬ መንገር ከበደኝ። ቅጠሉ የእናቷ አደራ፣ ያንተም የመጨረሻ ኩራት ነው። ስነግራት አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። ነጠላዋን ለብሳ ከዘራህን አነሳችና ቀጥታ ወደ ሰልፉ ሄደች። ለእኔ እንኳ ነግራኝ የማታውቀውን የቅጠሉን ስም፣ ማንም በግምት ቀጥፎ እንዳይጠጣው፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጮክ ብላ ተናገረች። ስትመለስ ወንበርህ አጠገብ ቆማ ከዘራውን ደገፍ አደረገችው። ያኔ አለቀሰች።

እኔ ሌሎች ቅጠሎች መሞከሬን አልተውኩም። ጉልበቱን ይዞ የሚያቃስት አባት በየቤቱ አለ። አሁን ግን ዝም ያለ ሴል ሳይ ደስ አይለኝም፤ መጀመሪያ ቀለሙን አነሳና በሕይወት አለህ ወይ ብዬ እጠይቀዋለሁ። ይህን ሥራ እስከሠራሁ ድረስ ሳልጠይቅ አላልፍም። በጠየቅሁ ቁጥር የምጠራው አንተን ነው፣ አባዬ፤ ያን ከሰዓት ሾርባውን ትቼ ልጠራህ ይገባኝ እንደነበረው።

ልጅህ