ድንቡሼን የሚጠብቀው አውቶቡስ

ለማትጠገቢው እታለሜ፤ ናፍቆቴ ከዚህ ወረቀት ሞልቶ እየፈሰሰ ይድረስሽ። እኔ ደኅና ነኝ።

ኤምባሲያችን ዜጎቹን ከጦርነቱ በአውቶቡስ እያወጣ ነው፤ ስም የምጠራው እኔ ነኝ። ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን ታቅፎ መጣልሽ! "ነፍስህን አድን እንጂ!" ብለው፣ "ነፍሴ ብትቀደድ በምን ልስፋት፣ እትዬ?" አይለኝም!

ባልሽን በፓስፖርት ስሙ ሁለቴ ጠራሁት። የለመደው የቤት ስሙን ነው ብዬ በድምፅ ማጉያው "ድንቡሼ!" ስል አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። አጠገቤ ባለው ወንበር ላይ ሻርፔን ዘርግቼ፣ ለጠየቀኝ ሁሉ "ሰው አለው" እላለሁ።

ሾፌሩ "እንሂድ፣ መንገዱ ሊዘጋ ነው" ይላል። እኔ ደግሞ "ጎማውን አንዴ እይልኝ" እለዋለሁ፤ አሁን ለአራተኛ ጊዜ እያየልኝ ነው።

ልጆቹን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። የባልሽን ሰላምታ ራሱ እንዲጽፍልሽ ከታች ቦታ ትቻለሁ።

እኅትሽ