አተር ነው ብዬ

መጋቢት 3
ችግኞቹን ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ደጅ አወጣኋቸው። ሰባት ናቸው፣ በተቆረጠ ሃይላንድ ውስጥ። አንድ ሰዓት ያህል ጥላ ሥር፣ ከዚያ ተመልሰው መስኮቱ ላይ። ዘሩን የላከችልኝ እህቴ እየሩስ ናት፤ አበባ እርሻ ነው የምትሠራው። "ቀስ በቀስ አለማምጃቸው፤ አንዴ ፀሐይ ላይ ከጣልሻቸው አለቀላቸው" ብላኛለች።
አማቴ አየችኝ።
"ምንድነው?"
"አተር ነው፣ እማዬ።"
ለምን አበባ ነው አላልኩም? መሬት ለሚበላ ነገር ነው በምትል ሴት ግቢ... ደግሞ ስሙ የአበባ አተር ነው። ግማሹን ነገርኳት። ግማሽ ውሸት ነው?

መጋቢት 6
ሦስት ሰዓት ያህል ደጅ ቆዩ። ነፋስ ነበር። አንዷ ጎንበስ ብላለች።

መጋቢት 9
ቀና ብላለች። ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ዋሉ።
ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ አማቴ በመንገዱ በኩል አጥሩ ሥር ትቆፍራለች። ጎደሬዋን ነቅላ!
"ለአተርሽ ነዋ። እሸቱ ሲደርስ ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ነው። ነግሬያቸዋለሁ።"
ጎረቤታችን አቶ ኤርካሎ ከአጥር ማዶ፣ "ይቺ አተር ግን ተቀማጥላለች። ትወጣለች፣ ትገባለች... ደመወዝ የላትም?"
ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

መጋቢት 10
እየሩስ ጋ ደወልኩ። ፍሬው ይበላል?
"አብደሻል? የጓያ ዘመድ ናት እኮ፤ መርዝ ናት!"
መንገደኛ እሸት ሲቀጥፍ ማን ይከለክለዋል? ልጆቹስ...
ለአማቴ ልነግራት ሦስት ጊዜ ወጥ ቤት ገባሁ። ሦስቴም ውሃ ጠጥቼ ወጣሁ።

መጋቢት 13
ትናንት ደጅ አደሩ። ምንም አልሆኑም። ግንዳቸው ጠንክሯል።
"በይ አምጫቸው" አለች አማቴ። ጉድጓዱን ጨርሳለች።
"እማዬ... አበባ ነው። ፍሬው ሰው ይጎዳል።"
ጉድጓዶቹን አየች።
"ጎደሬዬን ነቀልኩ እኮ።"
"አውቃለሁ።"
"ለልጆቹስ ምን ልበል?"
መቆፈሪያዋን ይዛ ገባች።

መጋቢት 14
አማቴ ቡናዋን ለብቻዋ አፍልታ ጠጣች።

መጋቢት 15
ሰባቱንም ከመንገድ አርቄ መስኮቴ ሥር ተከልኳቸው። አማቴ ከቦዲቲ ገበያ የሚበላ አተር ይዛ መጣች። አጥሩ ሥር አብረን ዘራን። ስትጨርስ አቶ ኤርካሎን ጠራቻቸው።
"ያቺ ቅምጥል አበባ ናት። እንዳይነኳት፣ መርዝ አላት። አተሩ የኔ ነው፤ እኔ አልዋሽም።"

መጋቢት 22
ችግኞቹ ይዘዋል። ሁለቱ ባቆምኩላቸው እንጨት ላይ መጠምጠም ጀምረዋል።
ጠዋት ስወጣ፣ "ዛሬ ስብሰባ አለብኝ፣ አመሻለሁ" አልኳት።
ቀና ብላ አየችኝ።
"ስብሰባ ነው ወይስ አበባ?"
ስብሰባ ነበር። ግን ከእንግዲህ እንዴት ብዬ አሳምናታለሁ?