ፎልደር ውስጥ ፎልደር

ኅዳር 4
ቀኑን ሙሉ ማተሚያ ቤት የቀን መቁጠሪያ ስቆርጥ ዋልኩ። ማታ አባዬ ጋ ጎራ አልኩ። ኮምፒውተሩ ፊት ኩርምት ብሎ ተቀምጧል።
«የእናትሽ ድምፅ እምቢ አለኝ።»
እማዬ ካረፈች ሁለት ዓመቷ። ድምፅዋ ያለው እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ባለች አንዲት ፋይል ላይ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ አርጅቶ እንደ ወፍጮ ይጮኻል፤ ዛሬ ነገ ሳይል ይሞታል። ፍላሽ ላይ ኮፒ ላድርገው ብል... አይሆንም። ለምን?

ኅዳር 5
የኮምፒውተር ጠጋኝ መጣ። በቅጡ እንኳ ሳያይ፣ «ፋይሉ ተበላሽቷል፤ ተስፋ ቁረጡ።»
ወንድሜ በስልክ፣ «እሱ ካለ አለቀ። አዲስ ኮምፒውተር እገዛለታለሁ።»
አዲሱ የእማዬን ድምፅ ከየት ያመጣል? አልቆርጥም ተስፋ። ሙጭጭ ብያለሁ።

ኅዳር 7
ኮምፒውተሩ የጻፈውን መልእክት በስልኬ አንስቼ ለዲዛይነራችን አሳየኋት። ቆቅ ነው የምንላት፤ ምንም አያመልጣትም። ሳቀች።
«ምኑ ተበላሸ? አድራሻው ረዝሞበት ነው እንጂ!»
ለካ የፋይሉ ስም ብቻ አይደለም... የተቀመጠባቸው ፎልደሮች ስም ሁሉ ይደመራል። ከልኩ ካለፈ አይከፈትም፣ ኮፒም አይደረግም። «ስሞቹን አሳጥሪያቸው፣ በቃ።»
ልስማት ምንም አልቀረኝ።

ኅዳር 8
ፎልደሮቹን አየኋቸው። አቤት አባዬ! «የባለቤቴ ድምፅ ስለሆነ ማንም ሰው እንዳይነካው።» እሱ ውስጥ፣ «አደራ በስህተትም ቢሆን እንዳይጠፋ።» እሱ ውስጥ ሌላ... ሌላም።
«ይኼ ሁሉ ምንድን ነው?»
«በጨነቀኝ ቁጥር ሌላ ፎልደር ውስጥ እከተዋለሁ።»
ባለፈው ሳምንትም ጨንቆት ሁሉንም ጠቅልሎ አንድ ሌላ ውስጥ ከቷቸዋል። ከዚያ ወዲህ ነው እምቢ ያለው። ሳቄ መጣ። ቀጥሎ እንባዬ።
ስሙን ልቀይር ስል እጄን ያዘኝ። «አትንኪው ልጄ። ቢጠፋስ?»
«ካልነካሁት ነው የሚጠፋው።»
ወይ ፍንክች። እሺ... እኔም የሱው ልጅ ነኝ። ነገም እመጣለሁ።

ኅዳር 9
ዓይናችን እያየ ኮምፒውተሩ በራሱ ጊዜ ድርግም አለ። እንደ ምንም ተነሳ። አባዬ ላብ በላብ ሆኖ ማውሱን ሰጠኝና ፊቱን አዞረ።
ከላይኛው ጀመርኩ። ያን ሁሉ አደራ አጥፍቼ «ሀ» አልኩት። ቀጣዩን «ለ»። እንዲህ እያልኩ እስከ ታች ወረድኩ።
ተከፈተ!
ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም ዛሬ።

ኅዳር 16
ወንድሜ አዲሱን ኮምፒውተር ይዞ መጣ። ፋይሉ ወንድሜም ጋ፣ እኔም ጋ አለ። አባዬ ጋ ደግሞ ፊት ለፊት፣ ስክሪኑ መሀል፣ ያለ አንድም ፎልደር። ስሙን ራሱ ነው የጻፈው፦ «እሷ»።
ወንድሜ እስከዛሬ አልሰማውም ነበር። ከእራት በፊት አባዬ ከፈተለት። ሳህን ሲንኳኳ፣ ውኃ ሲወርድ... ከዚያ እማዬ፦
«አንተ ሰውዬ፣ ደግሞ እየቀዳኸኝ ነው? አጥፋው በቃ!»
«አላጠፋም» አላት አባዬ።