ዒዳ በናያግራው ቤት

ጁን 8፣ ሰኞ

...ወንድሜ ወንበር ላይ ቆሞ፣ የመጋረጃውን ብረት በአንድ እጁ ይዞ፣ «በድሪያ፣ ነይ እዪ፣ ከዚህ የመጫወቻ ፓርኩ ትልቁ ጎማ ሲሽከረከር ይታያል» አለኝ። ሄጄ አየሁ። ከዛፎቹ በላይ ጫፉ ብቻ። «ማስታወቂያው ላይ ይታያል ብለሽ ጻፊ» አለ። ጫፉ ብቻ ነው እኮ ስለው ምን ነበር የመለሰልኝ? ሳቀ... ከዚያ በኋላ ያለው ጠፋብኝ።

ለምን ዛሬ ትዝ አለኝ? አንዲት እንግዳ ቤቱን በምናከራይበት አፕ ጠይቃኝ ነው። ጎማው ከሳሎን ይታያል ወይ፣ ልጆቼ ጓጉተዋል። አዎ ብዬ መለስኩ። ፎጣ አለ፣ የልጅ ወንበር አለ፣ መጫወቻ ፓርኮቹ ጋ በእግር ይደረሳል። ሁልጊዜ የምጽፈው ነው። እጄ ራሱ ይጽፈዋል።

ወንድሜ ኑረዲን ከሞተ ሁለት ሳምንት አልሞላም። ከኢድ በኋላ ቤቱን ለበጋ እንግዶች ሊያዘጋጅ ከሚስቱ ከኩልሱም ጋር ናያግራ ወረደ። እዚያው ሳሎን ውስጥ ወደቀ። ጀናዛው ለቀብር ወደ ቶሮንቶ ሲመጣ ኩልሱም አልመጣችም። ዛሬም እዚያ ናት።

ጁን 11፣ ሐሙስ

ደወልኩላት።

«መቼ መጥቼ ልውሰድሽ?»

«ወዴት?»

«ቤትሽ ነዋ። ስካርቦሮ።»

«ዒዳ ላይ ነኝ እኮ በድሪያ። ባሌ የሞተው እዚህ ነው። እዚሁ ነው የምቀመጠው።»

ባሏ የሞተባት ከቤቷ ሳትወጣ የምትቀመጠው አራት ወር ከአስር ቀን። በጋው በሙሉ ማለት ነው። ትምህርት ቤት ከሚዘጋበት ጀምሮ ቤቱ ተይዟል።

«እንግዶቹስ?»

«እኔ ነኝ የጠራኋቸው?»

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ጁን 14፣ እሑድ

ራውዳ፣ የኩልሱምና የኑረዲን ልጅ፣ ፈተና እስክትጨርስ ዌስተን እኔ ጋ ናት። ቁርስ ላይ፣ «አንቲ፣ ማሚን ልታስወጪያት ነው?» አለችኝ።

«ማን አለሽ?»

«ስልክ ላይ ስትጮሂ ሰማሁ።»

ጮኼ ነበር?

ምን ልበላት። አባትሽ ከአንቺ ቀጥሎ የሚወደው ያን ቤት ነበር። እንግዳ ካልገባበት ባንኩ ይወስደዋል። ከወሰደው ከአባትሽ የሚቀርሽ ነገር የለም። እናትሽ ቁጭ ብላ እያስወሰደችብሽ ነው... ይሄ ለልጅ ይባላል?

«እንቁላልሽን ብዪ» አልኳት።

«ሺ ኢዝ ሳድ፣ አንቲ።» እንደማላውቅ።

ጁን 17፣ ረቡዕ

የመጀመሪያዎቹን እንግዶች ካንስል አደረግሁ። ቧንቧ ፈነዳ ብዬ። አፑ አስጠነቀቀኝ። ከደገምኩት ቤቱን ከገጹ ያወጣዋል። አሁን ከወጣ በጋው አለቀ። ቤቱም አለቀ።

የሚቀጥሉት ከሞንትሪያል ናቸው። በሚመጣው ሳምንት ዓርብ።

ፌርማታ ላይ ቆሜ አውቶቡሱ መጣ፣ በሩን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ሄደ። አየሁት። እያየሁት ሄደ።

ጁን 19፣ ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ሼህ ኢብራሂምን አነጋገርኳቸው። ጫማቸውን እያደረጉ ሰሙኝ።

«ሟቹ የሚኖረው የት ነበር?»

«ስካርቦሮ።»

«እሷስ?»

«አብራው።»

«እንግዲያው ቤቷ እሱ ነው። ዒዳ ከባል ጋር በኖሩበት ቤት ነው እንጂ ለሽርሽር በሄዱበት አይደለም። ተሳስታለች። በቀስታ ንገሪያት።»

«ሼኻችን፣ አንቱ ቢደውሉላት?»

«እኔ ከደወልኩ ፈትዋ ይሆንባታል። ካንቺ ስትሰማው የቤተሰብ ወሬ ነው።» ፈገግ አሉ።

መኪና ውስጥ አለቀስኩ። ከደስታ መሰለኝ። ከደስታ ነው?

ጁን 22፣ ሰኞ

አልነገርኳትም። በስልክ አይሆንም። ወይስ ፈራሁ?

ጁን 26፣ ዓርብ

ጠዋት ወረድኩ። መንገዱ ሁሉ የቤተሰብ መኪና ነው፤ ጣራቸው ላይ ሻንጣ፣ ከኋላ የሚደባደቡ ልጆች።

ቤቱ ተወልውሏል። አልጋዎቹ ተነጥፈዋል። ፎጣዎቹ ለእንግዳ እንደምናጥፋቸው ታጥፈዋል። ማን አዘዛት? ኩልሱም ሳሎን፣ መስገጃዋ ላይ ተቀምጣለች። ከስታለች።

የሼኹን ቃል ነገርኳት። በቀስታ። ሳታቋርጠኝ ሰማች።

«አብራችሁ የኖራችሁበት ቤት፣ አሉ?»

«አዎ።»

«ስካርቦሮ እኔ ከናይት ሺፍት ስገባ እሱ ታክሲውን ይዞ ይወጣል። ደረጃ ላይ ነው የምንገናኘው። ምግብ ፍሪጅ ውስጥ አለ፣ ራውዳን ቀስቅሳት፣ በቃ። አልጋውን በየተራ ነው የተኛንበት፣ በድሪያ። እዚህ ነው እንግዳ ወጥቶ እንግዳ እስኪገባ... እሱ ሽንት ቤት ያጥባል፣ እኔ አንሶላ እቀይራለሁ። እየዘፈነ ያጥባል፣ ያ ድምፁ። ከአንድ ሳህን እንበላለን። እኔ ከወንድምሽ ጋር የኖርኩት እዚህ ነው። ሼኹ ይሄን ጠየቁሽ?»

አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝም አላውቅም ነበር። ወንድሜ ነው... አላውቅም ነበር።

«ግን ተነሺ ካልሽኝ እነሳለሁ» አለች። «የራውዳ ቤት መሆኑ አልጠፋኝም። ልብሴን ሰብስቤያለሁ። በአፍሽ በይኝ ብቻ።»

ተነሺ። ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር። ከዌስተን ጀምሮ ስለማመደው የመጣሁት ቃል ነው። አሁን ካላልኩት መቼ ልለው ነው?

ውጭ መኪና ቆመ። ልጆች እየተንጫጩ ወረዱ። አንዱ በሩጫ መጥቶ ደወሉን ደጋገመው።

ኩልሱም አየችኝ። ሻርፗን አስተካከለች። ለመነሳት እጇን ወለሉ ላይ ደገፈች።

«ተቀመጪ» አልኳት።

በሩን ከፈትኩ። አባትየው ፈገግ ብሎ ቁልፍ ሊቀበለኝ እጁን ዘርግቷል። ወደ እነሱ ወጣሁና በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት።