የልየው ጉልበት

መጋቢት ፲፱ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.፣ ከቀትር በኋላ

ዛሬም ጣልሁ፤ ዛሬም አልያዝሁም። አያ ቸኮልን ሦስት ጊዜ መሬት አደረግሁት፤ ሦስቱንም ጊዜ እግሩን መሃላችን አስገብቶ ገፍቶ ጣለኝ። ቸኮል ጎረቤቴ ነው። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ጥርሱ ግማሹ የለም። እሱን ያልያዝሁ ልየውን ልይዝ ነው? ወገቤ ቀጥ አልል ብሎ በሆዴ ተኝቼ ነው የምጽፍብህ፣ ደብተሬ። ፊደሉ ቢጣመም አትቀየመኝ።

አንተ የከተማ ደብተር ነህ፤ የዳኛ ጸሐፊ ሳለሁ ከደብረ ማርቆስ ገዛሁህ። ደንባችንን አታውቅም። እኛ ዘንድ መጣል ብቻ አይበቃም። ሁለቱን ትከሻውን መሬት አስነክተህ፣ ደረትህን ደረቱ ላይ ጭነህ፣ ዳኛው አባ ወልደ ሰንበት አንድ አቡነ ዘበሰማያት እስኪያደርሱ ትይዛለህ። ከታች ያለው ጉልበቱን መሃል ካስገባ ጸሎቱ ይቋረጣል። እንደገና ከመጀመሪያው።

ትግሉ በየዓመቱ ዳግማይ ትንሣኤ ነው። ላይኛውና ታችኛው ሰፈር አንዳንድ ሰው ያወጣሉ። የአሸናፊው ሰፈር ከብት ጨፌው ላይ አሥራ አምስት ቀን ቀድሞ ይሰማራል። ድሮ ለሳቅ ነበር፤ ሣሩ ለሁሉም ይተርፋል። ዘንድሮ ጣ. ትልቁን መስክ ለበቅሎዎቹ አጠረው። (ሙሉ ስሙን አልጽፈውም። ብትያዝ ሁለታችንም አንተርፍም።) ጨፌው ላይ ያለው ሣር ከአሥራ አምስት ቀን አያልፍም። ቀድሞ ያልገባ ጭቃ ይግጣል።

አንድ በሬ ነው የቀረኝ፣ ቦራ። የጎድን አጥንቱ በሩቅ ይታያል። ግንቦት ላይ ሞፈር መጎተት ካልቻለ ከርሞ ልጆቼ ምን እንደሚበሉ አላውቅም። ነገሩ ይኸው ነው።

መጋቢት ፳፩

ለምን እኔ? ጎረምሶቹ ዱር ገብተዋላ። ያልገቡትን ጣ. ለመንገድ ቁፋሮ ወደ ሉማሜ ነዳቸው። የቀረነው ሽማግሌና እኔ ነን። አርባ ሞልቶኛል፤ ጾም ላይ ነኝ፤ በቀን አንዴ ሽሮ እበላለሁ። ድሮ ታጋይ ነበርህ አሉኝ። ድሮማ ብዙ ነገር ነበርሁ።

ታችኞቹ ልየውን አወጡ። ልየው የአንጓች ታናሽ ወንድም ነው። አንጓች ደግሞ ባለቤቴ ናት፤ ከታችኛው ሰፈር ነው ያገባኋት። ልየው ከመንገዱ ሥራ ከተመለሰ ገና ወሩ ነው፤ አላየሁትም። የተመረጡ ሁለት ሰዎች እስከ ቀኑ አይተያዩም፤ ይኸም ደንብ ነው።

ሲታገል ግን አውቀዋለሁ። መጣሉ አይከብድም። ጥለኸው ስታበቃ ነው ሥራው። ከሥርህ ይሽለኮለካል፤ ጉልበቱ ከየት እንደመጣ ሳታውቀው ሆድህ ላይ ነው። አምና የኛን ሰው ሲያደርገው አይቻለሁ። አባ ወልደ ሰንበት "አቡነ" ሲሉ ዋሉ፤ "አሜን" የሚባል ነገር አልመጣም።

መጋቢት ፳፯፣ መድኃኔዓለም

ጉድ ነው የምነግርህ። ከቸኮል ጋር ስንላፋ አንጓች በር ላይ ቆማ ስትስቅ ቆየች። ሲሄድ፣ ይኸ ሰውዬ እንደ ልየው አያደርግም፤ ዝም ብሎ ይወራጫል አለች። አንቺ ምን ታውቂያለሽ አልኋት። ከልየው ጋር ልጅ ሆነን አንድ ቁርበት ላይ ስንታገል ነው ያደግነው አለች።

ልጆቹን ቸኮል ቤት ላከች። በሩን ዘጋች። መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ቁርበቱ ላይ በጀርባዋ ተኛች፤ በል ያዘኝ አለች። ዐቢይ ጾም ነው። አንድ ቄስ ድንገት ቢገባ ምን እንደምንለው እንጃ። ሁለታችንም ሳቅን። እንደዚያ ከሳቅን ምን ያህል ጊዜ እንደሆነን አላውቅም።

ከዚያ ሳቁ ቀረ። ያዝኋት፤ አመለጠችኝ። ያዝኋት፤ አመለጠችኝ። ጉልበቷ ሲመጣ በሁለት እጄ ወደ ታች እገፋለሁ። እጄ ሲወርድ ደረቴ ይነሳል። ደረቴ ሲነሳ ሌላው ጉልበት ይገባል። እኔው ራሴ በር ስከፍት ኖሬአለሁ።

"ጉልበቱን አትይ" አለችኝ ላቧን እየጠረገች። "ጉልበት መጨረሻ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ክንዱን አንገትህ ላይ ይሰካል። ከዚያ ወገቡ ይሸሻል። ጉልበቱ ያን ጊዜ ነው ቦታ የሚያገኘው። ወገቡን ተከተል።"

ለማን ነው የምታግዢው አልኋት። ልጆቼ የሚበሉት ከዚህ ቤት ነው ብላ ተነሳች። ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ።

ሚያዝያ ፫

የጣ. ወታደሮች በይጁቤ መንገድ አለፉ፤ ባንዶቹ ከፊት። ከሰፈሩ በጎችና የአንድ ቤት ገብስ ወሰዱ። እኛ ቤት መጥተው ቦራን አዩት፤ ዳሌውን በዱላ ነካ አደረጉት፤ ተሳስቀው ሄዱ። ሥጋ የለውማ። ቅጥነቱ አተረፈው።

ደክሞኛል። ክንዴ ሲዝል ብዕሩ እንኳ ይከብዳል።

አንጓች ዛሬም እናቷ ዘንድ ወርዳ መጣች። በየሳምንቱ ትወርዳለች፤ ቅቤ በቅል ይዛ። በጾም ቅቤ ለማን ነው አልኋት። ለእናቴ ራስ አለች። ፊቷን አላየሁትም። ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። የሱን ለኔ የነገረች የኔንስ ለሱ አትነግርም? የምሄድበትን አቅጣጫ፣ የምደክምበትን ሰዓት ታውቃለች። አልጠየቅኋትም። ጠይቄ መልሱን መስማት አልፈለግሁም።

ሚያዝያ ፱፣ ሆሳዕና

ዛሬ ያዝኋት። እውነት ነው የምልህ። አንድ ሙሉ አቡነ ዘበሰማያት፣ እኔው ራሴ በሹክሹክታ እያልሁ።

ልጻፈው፤ አለዚያ እረሳዋለሁ። ክንዷ አንገቴ ላይ ሲመጣ አልገፋውም፤ ራሴን በአገጯ ሥር አስገብቼ ፊቷን ወደዚያ አዞራለሁ። ፊቷ የዞረበትና ወገቧ የሚሸሽበት ከተለያየ አቅም የለውም። ወገቧ ሲሸሽ ደረቴን ሳላነሳ እከተላለሁ፤ በእግር ጣቶቼ፣ ቀስ ብዬ። ክርኗንና ጉልበቷን የሚያገናኘውን ቦታ በዳሌዬ እደፍነዋለሁ። ግራ ጉልበቷ ቀድሞ ከገባ ደግሞ አልታገለውም፤ ትቼው በቀኟ እዞራለሁ። ያኔ ቀኙ እንዳይመጣ መጠበቅ ነው።

አንድ ነገር ተማርሁ። የሚደክመው የተያዘው ብቻ አይደለም። ላይ ያለው የባሰ ይደክማል። ከታች ያለው አንዴ ቢሳካለት ይበቃዋል፤ እኔ ግን አንዴም መዘንጋት የለብኝም።

ስንጨርስ አንጓች ቁርበቱ ላይ ተቀምጣ ቀረች። አለቀሰች። አመመሽ ወይ አልኋት። ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ እሳት ልታያይዝ ተነሳች።

ሚያዝያ ፲፬፣ ስቅለት

ስግደት። ጉልበቴ አልቋል። ዛሬ ትግል የለም። ቦራን ዛሬ ከተኛበት ገፍተን ነው ያስነሳነው። አልቻልሁም፣ ደብተሬ። ሌላ የምለው የለኝም።

ሚያዝያ ፲፱

ፋሲካ አለፈ። አንድ አውራ ዶሮ ለአምስት ሰው። ሆዴ ቅባቱን ረስቶት ኖሮ ሁለት ቀን አመመኝ። ቸኮል በየጠዋቱ እየመጣ ትከሻዬን እንደ ሚሸጥ በሬ ይጨብጣል። ሰፈሩ ሁሉ ያየኛል። አንጓች ግን አታየኝም። ትናንት አንድ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ተወችው። ለሱ ነግራው ይሆናል፤ ይሁን። የመጣው ይምጣ።

ሚያዝያ ፳፫፣ ሲመሽ

ያዝሁ። ሰፈሩ እልል እያለ ነው። ደስ አላለኝም። ነገ።

ሚያዝያ ፳፬፣ ጠዋት

እንዲህ ነበር። ልየው ቀስ እያለ ወደ ሜዳው መጣ። ከስቷል፤ ግን ማን ያልከሳ አለ? ተያያዝን። እግሩን ጠለፍሁት፤ ወደቀ። ቶሎ ወደቀ። ደረቴን ጫንሁበት፤ አባ ወልደ ሰንበት "አቡነ" አሉ። ክንዱ አንገቴ ላይ መጣ፤ ወገቡ ሸሸ፤ ግራ ጉልበቱ ገባ። ጸሎቱ ተቋረጠ። ታችኞቹ ጮኹ።

ሳልለቀው በቀኙ ዞርሁ። እንደገና "አቡነ"። ቀኝ ጉልበቱን ጠበቅሁት። ወገቡ ሸሸ፤ ተከተልሁት። አሁን ይመጣል አልሁ። አልመጣም። ወገቡ እንደገና ሸሸ። ጭኑ ተንቀጠቀጠ፤ ጥርሱ ሲፋጭ ጆሮዬ ሥር ሰማሁት። እግሩ ግን እንደ ግንድ ተዘርግቶ ቀረ። ቀና ብዬ ፊቱን አየሁት። ዓይኑን ጨፍኗል።

ያን ጊዜ ገባኝ። ያ ጉልበት አይታጠፍም።

አባ ወልደ ሰንበት "ሲሳየነ" ላይ ሳላቸው መጣ። ሳሉ። እኔ እሱ ላይ እንደተኛሁ እስኪጨርሱ ጠበቅሁ። ልለቀው እችል ነበር፤ አስቤዋለሁ። ቦራን አሰብሁ፤ ልጆቹን አሰብሁ። አልለቀቅሁም። እስከ "አሜን" ያዝሁት።

በእጁ ተደግፎ ተነሳ። ትከሻዬን ሳመኝ፤ ጋሼ፣ ደህና ያዝኸኝ አለኝ። ቀኝ እግሩን ቀጥ አድርጎ በሰው መሃል ሄደ። የተጎዳው አሁን በትግሉ መሰላቸው፤ አንዱ ሳቀበት።

ቤት ስገባ አንጓች ጤፍ ታበጥራለች። ምን ሆኖ ነው አልኋት። ነገረችኝ፣ ሰፌዱን ሳታስቀምጥ። መንገዱ ሥራ ላይ ደክሞት ቢቀመጥ አሠሪው በአካፋ እጀታ ጉልበቱን መታው። ደጋግሞ። ከዚያ ወዲህ አይታጠፍም። ሰው እንዳያውቅበት ለምኗታል፤ ማረስ አይችልም ከተባለ መሬቱን የሚሻማ ብዙ ነው። ለትግሉ ሲመርጡትም እምቢ ያላለው ለዚሁ ነው። ቅቤው ለእናቷ ራስ አልነበረም። ስታሽለት ነበር የምትወርደው።

እኔ ምን ጠርጥሬ እንደነበር አልነገርኋት። አፍሬ። ለምን አልነገርሽኝም ብቻ አልኋት።

"ስለ ትግሉ ጠየቅኸኝ፤ ነገርሁህ" አለች። "ስለ ወንድሜ አልጠየቅኸኝም።"

እውነቷን ነው። ወር ሙሉ ስለ ወገቡ፣ ስለ ክርኑ፣ ስለ ክንዱ ጠየቅሁ። ደህና ተመለሰ ወይ ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅሁም።

ሚያዝያ ፳፬፣ ከሰዓት በኋላ

ቦራ ጨፌ ገባ። ራሱን ቀና ሳያደርግ ጋጠ። ቆሜ አየሁት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

አንድ በሬ ግን አያርስም። የኛ ሰፈር ሰው ያለውን በሬ ከጎረቤቱ በሬ ጋር አቀናጅቷል፤ ለቦራ ጥማድ የሚሆን ትርፍ በሬ የለም። እስከ ትናንት ሣሩን እንጂ ይኸን አላሰብሁም። ልየው አንድ በሬ አለው። ሣር የለውም፤ የሚታጠፍ ጉልበትም የለውም። በአሥራ አምስት ቀን በሬው ይወድቃል።

ለቸኮል ነገርሁት። የልየውን በሬ ከቦራ ጋር ላሰማራ ነው፤ ግንቦት ላይ የሁለታችንንም መሬት እኔ አርሳለሁ አልሁት። ተቆጣ። የታችኛው ሰፈር ከብት እግሩን ካስገባ ያንተንም ጨምረን እናባርራለን፤ ደንብ ደንብ ነው አለ። ሌሎቹም ከሱ ጋር ናቸው። ለእናንተ ብዬ አልነበር የታገልሁት አልኋቸው። ለሣሩ ነው አሉኝ።

ለአንጓች ነገርኋት፤ ቦራም ሊባረር ይችላል ብዬ። የቦራን ገመድ ከምሰሶው አወረደች።

ሚያዝያ ፳፭፣ ገና ሲነጋ

እወርዳለሁ። ወስኛለሁ። ቸኮል ዱላውን ይዞ ጨፌው መግቢያ ላይ እንደሚቆም አውቃለሁ። ይቁም። ሁለቱን በሬ ጎን ለጎን ነው የማስገባቸው፤ የልየው ካልገባ ቦራም አይገባም። ከዚያ ወዲያ የሚሆነውን አላውቅም። ወገቤ ዛሬም ቀጥ አላለም።

አንጓች ደጅ ቆማለች፤ ገመዱ በእጇ ነው። ልየውን ምን እንደምለው ገና አላወቅሁም። መጀመሪያ ግን ስለ ጉልበቱ እጠይቀዋለሁ።